ጉዳታችን ከውላችን ይረዝማል

ለዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን (ፊፋ)
ግልባጭ፦ ለሊግ አስተዳዳሪዎችና የሴቶች ቡድን ላላቸው ክለቦች በሙሉ
ጉዳዩ፦ የሴት ተጫዋቾችን የውል ዘመን ይመለከታል

የተከበራችሁ የፊፋ ምክር ቤት አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ የአንድ የሴቶች ቡድን አምበል ነኝ። የምጫወተው መሃል ተከላካይ ሆኜ ነው። የምጽፈው ግን በራሴ ስም ብቻ አይደለም። የቡድን ጓደኞቼ አንብበውታል፤ አንዳንዱን ነገር ያስጨመሩኝም እነሱ ናቸው።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ያለፈው የውድድር ዘመን ሲያልቅ ክለባችን ጉዳት ላይ የነበሩ ተጫዋቾችን ውል እንደማያድስ አስታወቀ። የነገራቸው በአጭር ኢሜይል ነው። ከመካከላቸው ቀዶ ሕክምና ካደረገች ገና ወራት የሆናት አለች። የክለቡን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ጉዳዩ የአንድ ክለብ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ደግሞም ክለቡ የጣሰው ደንብ የለም። ውል አላፈረሰም፤ ውሉ አልቆ ነው። እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። አንዲት ተጫዋች ለክለቧ ስትጫወት ጉልበቷ ተበጥሶ፣ በክራንች እየሄደች፣ ያለ ደመወዝና ያለ ሐኪም ስትቀር ማንም ጥፋተኛ የማይባልበት አሠራር ነው ያለን።

በ2023 በሲድኒ የዓለም ዋንጫው ፍጻሜ ሊደረግ ሲል (ዓመቶቹን የምጽፈው በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ፕሬዚዳንታችሁ ለእኛ ለሴቶች ትግላችሁን በደንብ ምረጡ፣ በሩ ክፍት ነው፣ ግፉት ብለው ነበር። ያ ንግግር ብዙዎቻችንን ቅር አሰኝቷል። እንደዚያም ሆኖ የተባለውን እንደ ቃል ኪዳን ይዤው መጥቻለሁ። መርጬያለሁ። የመረጥኩት የሽልማት ገንዘቡን አይደለም፣ ስለ እሱ የሚናገሩ ታዋቂ ተጫዋቾች አሉን። እኔ የማነሳው የውላችንን ርዝመት ነው።

እናንተ በምታስተዳድሩት የተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ደንብ አንድ ውል ቢያንስ ከጀመረበት ቀን እስከ ውድድር ዘመኑ ማብቂያ፣ ቢበዛ ደግሞ አምስት ዓመት ይሆናል። ይህ ለወንዱም ለሴቷም አንድ ነው፤ ወረቀቱን ላየው ሰው እኩልነት አለ። ሜዳ ላይ ግን እንደዚያ አይሠራም። የወንዶች ክለብ ለተጫዋቹ ረጅም ውል የሚሰጠው ስለሚወደው አይደለም። ውሉ ካለቀ ተጫዋቹ በነጻ ስለሚሄድበት ነው። ሊሸጠው ስለሚያስብ ያስረዋል፤ ስላሰረው ደግሞ ሲጎዳም ያሳክመዋል። በእኛ በኩል አብዛኛው ዝውውር ያለ ክፍያ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ክለቡ ለብዙ ዓመት የሚያስረን ምክንያት የለውም፤ ከደንቡም ዝቅተኛውን ይወስዳል። አንድ የውድድር ዘመን ብቻ። በየዓመቱ ሰኔ ሲመጣ እንደገና ከዜሮ እንጀምራለን።

ናኦሚ ግርማ በጥር 2025 በ1.1 ሚሊዮን ዶላር ወደ ቼልሲ ስትዛወር ልብስ መቀየሪያ ክፍላችን ውስጥ ጭብጨባ ነበር። በሴቶች ዝውውር ከሚሊዮን ዶላር ያለፈች የመጀመሪያዋ ናት፤ ያውም እንደ እኔው ተከላካይ! ደስታዬን አልደብቅም። ግን የእሷ ዜና የእኛን ኑሮ አልነካውም። የተጫዋቾች ማኅበራት ኅብረት የሆነው ፊፍፕሮ በ2017 ባወጣው ጥናት የሴት ተጫዋቾች ውል በአማካይ 12 ወር ነበር፤ ከተጠየቁት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከክለባቸው ምንም ደመወዝ አያገኙም ነበር። ከዚያ ወዲህ በትልልቆቹ ሊጎች ነገሩ ተሻሽሏል፣ ይህን አልክድም። እኛ ግን ያለነው እዚያ አይደለም፤ አብዛኛዋ ሴት ተጫዋችም እዚያ የለችም።

አሁን ጉልበትን ላንሳ፤ የደብዳቤዬ ዋና ነገር እሱ ነው።

የፊት መስቀለኛ ጅማት (ኤሲኤል የሚባለው) ሲበጠስ ወደ ሜዳ ለመመለስ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ይፈልጋል። ብዙዎች ዓመት ይሞላቸዋል። ሴት ተጫዋቾች በዚህ ጉዳት የመጠቃት ዕድላቸው ከወንዶቹ ከሁለት እስከ ስምንት እጥፍ እንደሚደርስ ጥናቶች ይናገራሉ። የውድድር ዘመን ደግሞ አሥር ወር ገደማ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። የአንድ ዓመት ውል ያላት ተጫዋች የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካለፉ በኋላ በማንኛውም ቀን ብትጎዳ፣ ሳትድን ውሏ ያልቃል። በጣም የሚያጠቃን ጉዳት ከምንፈርመው ውል ይረዝማል ማለት ነው።

አሌክሲያ ፑቴያስ በሐምሌ 2022 የአውሮፓ ዋንጫ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ልምምድ ላይ ጅማቷ ተበጠሰ። አሥር ወር ገደማ ከሜዳ ራቀች። ክለቧ ባርሴሎና ጠበቃት፣ ተመለሰች፣ በነሐሴ 2023 የዓለም ዋንጫ አነሳች። በ2018 የመጀመሪያውን የሴቶች ባሎን ድ ኦር (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) የወሰደችው አዳ ሄገርበርግ በጥር 2020 ተጎድታ እስከ ጥቅምት 2021 አልተጫወተችም። ሃያ ወር ማለት ነው። እሷንም ሊዮን ጠብቋታል። ሁለቱም የዓለም ምርጥ ስለሆኑ ተጠበቁ። ይገባቸዋልም። እኔ የምጠይቀው ሁለቱ ያገኙት ጊዜ የዓለም ምርጥ ላልሆነችውም እንዲሰጣት ነው። ጅማት የዓለም ምርጥ ላልሆነችው ብሎ ፈጥኖ አይድንም።

የእኛዋ ግራ ተመላላሽ የካቲት ላይ ነው የተጎዳችው። ማንም አልነካትም። ኳስ ልትቀማ ሮጣ፣ አቅጣጫ ለመቀየር እግሯን ስትተክል ታኬታዋ ሰው ሠራሹ ሳር ላይ ያዛት፤ ሰውነቷ ዞረ፣ ጉልበቷ ቀረ። ድምፁን እኔ ከአጠገቧ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። መጋቢት ላይ ቀዶ ሕክምና አደረገች። ሰኔ ላይ ውሏ አለቀ። በማግስቱ ጠዋት ጉልበቷን ልታሠራ ወደ ክለቡ ጂም ስትመጣ መግቢያ ካርዷ በሩን አልከፈተላትም። ከሲስተሙ አውጥተዋታል። በር ላይ ቆማ ደጋግማ ሞከረች፤ ካርዱ የተበላሸ መስሏት ነበር። የቡድናችን ወጌሻ ሰው ነውና ዝም አላለም፤ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በስልክ ቪዲዮ እያየ ቤቷ ወለል ላይ እንቅስቃሴ ያሠራት ጀመር። እግሯን ስንት ዲግሪ እንዳጠፈች በስልክ ስክሪን እየገመተ ነበር የሚነግራት። ይህ ሕክምና አይደለም። የአንድ ሰው ደግነት ነው፤ እሱም ቢደክመው ማንም ሊፈርድበት አይችልም።

አዲስ ክለብ ትፈልግ እንዳትሉ። ያልዳነ ጉልበት የያዘችን ተጫዋች የሚያስፈርም ክለብ የለም፤ የጤና ምርመራውን አታልፍም። ክለብ ከሌላት ደግሞ በደንብ አትታከምም። በደንብ ካልታከመች አትድንም። ስለዚህ አንዳንዶቹ ቸኩለው ይመለሳሉ፣ በስድስተኛው ወር ድኛለሁ ይላሉ፣ ያው ጉልበት እንደገና ይበጠሳል። አንዳንዶቹ ደግሞ ጫማቸውን ይሰቅላሉ። በሃያ ሦስትና በሃያ አራት ዓመታቸው።

ጉዳቱ ለምን ሴቶች ላይ እንደሚበዛ ምርምር እየተደረገ እንደሆነ እናውቃለን፣ ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ግን የሚመረመረው ብዙውን ጊዜ ሰውነታችን ነው፤ የዳሌያችን ስፋት፣ የወር አበባ ዑደታችን። የምንውልበትም ይመርመር። ታኬታው ለረጅም ጊዜ የተሠራው በወንድ እግር ልክ ነው። ልምምድ ሜዳው የሚደርሰን የወንዶቹ ታዳጊ ቡድኖች ሳይቀሩ ተጠቅመው ሲጨርሱ፣ በምሽት ነው። ግማሾቻችን ቀን ሌላ ሥራ ውለን ነው የምንመጣው። በ2015 ካናዳ ላይ የዓለም ዋንጫውን ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ሳር ላይ ነው ያስጫወታችሁን፤ ተጫዋቾች ክስ ድረስ ሄደው ነበር፣ አልሰማችሁም።

ወደ እርግዝና ልለፍ። እዚህ ላይ የሠራችሁትን እመሰክራለሁ፣ ደንብ አለ። ከጥር 2021 ጀምሮ ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ፣ ከደመወዟ ከሁለት ሦስተኛ ባላነሰ ክፍያ ተደንግጓል። በ2024 ደግሞ ልጅ በማደጎ ለምትወስድም ተጨምሯል። ደንቡም ጥርስ እንዳለው አይተናል። የአይስላንዷ ተጫዋች ሳራ ብዮርክ ጉናርስዶቲር በእርግዝናዋ ጊዜ ሙሉ ደመወዟን ያልከፈላትን ሊዮንን ከስሳ በ2022 አሸንፋለች፣ ከ82 ሺህ ዩሮ በላይ እንዲከፈላት ተወስኗል። ያ ውሳኔ ለሁላችንም ነበር።

ግን የእሷ ውል ገና አላለቀም ነበር። የአንድ ዓመት ውል ላላት ተጫዋች ይህ ደንብ ምን ያህል ቀን ይሠራል? አንዲት አማካይ ጓደኛዬ ማርገዟን ያወቀችው ውሏ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። የማደሱን ነገር ስታነሳ «ውለጂና እናያለን» ተባለች። አላባረሯትም፤ ማባረር ክልክል መሆኑን ያውቃሉ። ዝም ብለው ጊዜው እስኪያልቅ ጠበቁ። ውሏ አለቀ፣ መብቷም አብሮት አለቀ። ሌላዋ ይህን አይታ አዲሱን ውል እስክትፈርም እርግዝናዋን ደብቃ ልምምድ ሠርታለች፣ አየር ላይ ኳስ ስትሻማ ሳይ ምንም አላወቅኩም ነበር። አሁን ሳስበው ያመኛል።

ስለ ወጣቶቹ ባጭሩ። ተቀያሪ ግብ ጠባቂያችን ዕድሜዋ ገና ነው፤ ከመጣችበት ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ ክለብ ቀይራለች። በየዓመቱ አዲስ አሰልጣኝ፣ አዲስ ቤት፣ አንዳንዴም አዲስ ቋንቋ። የጀመረችውን ትምህርት አቋርጣዋለች። ግብ ጠባቂ ደግሞ ከተከላካዮቿ ጋር እስክትግባባ ጊዜ ይፈልጋል፣ ይህን የምላችሁ ከፊቷ የምቆመው እኔ ስለሆንኩ ነው። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ የሚያሳድጋት አላገኘችም።

ክለብ ሲዘጋስ? በ2017 እንግሊዝ ውስጥ ኖትስ ካውንቲ የሴቶች ቡድኑን የዘጋው የመጀመሪያ ጨዋታቸው ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በ2024 ሬዲንግ፣ በ2025 ብላክበርን ሴቶቻቸውን ከሁለተኛው ዲቪዚዮን አስወጥተዋል። ሀብታም በሚባለው አገር እንዲህ ከሆነ ሌላው ቦታ ምን እንደሚመስል ገምቱት። የወንዶቹ ቡድን ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚቀነሰው የእኛ በጀት ነው። ደመወዛቸውን ላልተከፈሉ ተጫዋቾች በ2020 ከፊፍፕሮ ጋር ፈንድ አቋቁማችሁ ነበር፣ ጅምሩ መልካም ነው። የእኛን ችግር ግን አይነካውም፤ ውላችን ስላለቀ ያልተከፈለ ደመወዝ የለንም።

ገበያው ገና ነው፣ ታገሱ የሚል መልስ እንደምንሰማ አውቃለሁ። በታኅሣሥ 1920 ሊቨርፑል ከተማ ጉዲሰን ፓርክ ላይ የሴቶች ጨዋታ ለማየት 53 ሺህ ሰው ገብቶ ነበር። በዓመቱ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ሴቶች በአባል ክለቦቹ ሜዳዎች እንዳይጫወቱ ከለከለ፤ ክልከላው ሃምሳ ዓመት ያህል ቆየ። የ2027ቱን የዓለም ዋንጫ የምታዘጋጀው ብራዚል ራሷ ከ1941 እስከ 1979 ለሴቶች ኳስን በሕግ ከልክላ ነበር። ገበያውን የዘጉት ደንብ አውጪዎች ናቸው፣ ስለዚህ ሲከፈትም የደንብ አውጪዎች እጅ ያስፈልገዋል። ሕዝቡ እንደሆነ ቀድሞ መጥቷል። በ2022 ካምፕ ኑ ላይ ባርሴሎና ከቮልፍስቡርግ ሲጫወት 91,648 ሰው ገብቷል።

ገንዘብ የለም እንዳይባልም የ2023ቱ ውድድር ከ570 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ማስገኘቱን የተናገራችሁት ራሳችሁ ናችሁ። በ2031 የተሳታፊዎቹን ቁጥር ወደ 48 ለማሳደግም ወስናችኋል። አርባ ስምንት ብሔራዊ ቡድን ማለት ከአንድ ሺህ በላይ ተጫዋች ነው። እነዚህ ልጆች የሚመጡት ከክለብ ነው፣ ክለባቸው በየሰኔው እየበተናቸው ከየት ይመጣሉ?

የማይቻል ነገር አይደለም የምንጠይቀው። የአሜሪካው የሴቶች ሊግ በ2024 ከተጫዋቾቹ ማኅበር ጋር በተፈራረመው ስምምነት ውሎችን በሙሉ ዋስትና ያላቸው አድርጓል፤ ተጫዋቿ ሳትስማማ ወደ ሌላ ክለብ መላክም ቀርቷል። ሊጉ አልፈረሰም።

እኔና ጓደኞቼ የምንጠይቃችሁ እነዚህን ነው፦

አንደኛ፣ ለሙያዊ ሴት ተጫዋች ዝቅተኛው ውል ሁለት የውድድር ዘመን ይሁን። አጭር ውል ራሷ ተጫዋቿ በጽሑፍ ከጠየቀች፣ ወይም የተጎዳችን ወይም የወለደችን ተጫዋች ለጊዜው የምትተካ ከሆነ ብቻ ይፈቀድ።

ሁለተኛ፣ በልምምድ ወይም በጨዋታ ላይ ከባድ ጉዳት የደረሰባት ተጫዋች ውል ድና እስክትመለስ በራሱ ይራዘም፤ ጣሪያው ከቀዶ ሕክምናው ቀን ጀምሮ 12 ወር ይሁን። ክፍያው እንደ ወሊዱ ከሁለት ሦስተኛ አይነስ። መዳኗን የሚወስነው ሐኪም በክለቡ የተቀጠረ አይሁን። ሕክምናው፣ ጂሙና ወጌሻውም በዚያ ጊዜ ሁሉ ክፍት ይሁኑላት።

ሦስተኛ፣ በእርግዝናና በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች ተጫዋች ውል በዚያ ጊዜ ውስጥ እንዳያልቅ ተብሎ በደንቡ ይጻፍ።

አራተኛ፣ ትንንሽ ክለቦች ይህን ብቻቸውን አይችሉትም፤ እኛም እናውቃለን። ከሴቶች ዓለም ዋንጫ ገቢ ላይ የተጎዱ ተጫዋቾችን ደመወዝና ሕክምና ለክለቡ የሚተካ ፈንድ ይቋቋም። ገንዘቡ በየፌዴሬሽኑ በኩል እየዞረ እንዳይቀርም ለተጫዋቿና ለክለቡ በቀጥታ ይከፈል።

አምስተኛ፣ ለውድድር ፈቃድ የሚያመለክት ክለብ የሴት ተጫዋቾቹን የአንድ ዘመን ደመወዝ በባንክ ዋስትና ያስይዝ።

እንዲሁም ይህ ደንብ ሲረቀቅ ከትልልቆቹ ሊጎች ብቻ ሳይሆን ከትንንሾቹም ተጫዋቾች ጠረጴዛው ላይ ይኑሩ። ከ2027ቱ ውድድር በፊት በጽሑፍ እንድትመልሱልን እንጠብቃለን። መልሱ እንቢ ከሆነም ምክንያቱ ተጽፎ ይምጣልን።

ከአክብሮት ጋር፣

የአንድ የሴቶች ቡድን አምበልና መሃል ተከላካይ፣
ውላቸው ባልታደሰላቸው የቡድን ጓደኞቿም ስም